ስለ ገዳዩ ተጠይቀው ስለ እኔ የጻፉ አንባቢዎች

ከመጽሐፍ ኋላ ባዶ ገጽ መተው የጀመረውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር ብቻ እጠይቀው ነበር። ታሪኩ አልቋል፤ ደራሲው ደክሞት ቤቱ ገብቷል፤ ታዲያ ወረቀቱን ለማን ነው የምትተወው? ባዶ ወረቀት አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። የምንኖረው የመጸዳጃ ቤት በር ላይ እንኳ ሐሳቡን በከሰል ጽፎ በሚወጣ ሕዝብ መካከል ነው። በእኔ ላይ የደረሰው ሁሉ የደረሰው በአራት ባዶ ገጾች ምክንያት ነው። እርግጥ፣ እነዚያን አራት ገጾች በማስመሪያ አስምሬ፣ ከላይ «የአንባቢ አስተያየት» ብዬ በትልቁ የጻፍኩት እኔው ነኝ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ልናደድ።

ለማያውቀኝ አንባቢ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ብዙ መናገር አልወድም። ሸዋ ሮቢትና ዙሪያዋ የውሃ ፓምፕ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ከሮቢ ወንዝ እስከ ጀውሃ ሽንኩርትና ማሾ የሚያጠጣ ሞተር ሁሉ ቢያንስ አንድ ቀን ሆዱን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያውን ፓምፕ የፈታሁት ባለቤቱ ምሳ ሊበላ በሄደበት ሰዓት ነው። ሲመለስ ሞተሩን ጆንያ ላይ ተዘርግቶ አገኘው። ዱላ ፍለጋ ሄዶ እስኪመለስ መልሼ ገጥሜ አስነሣሁት። ከበፊቱ አሳምሮ ጮኸ። ሦስት ቡሎን ተርፎኝ ነበር፤ ፋብሪካው ለምን እንደጨመራቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይህ ከሆነ ሠላሳ ስምንት ዓመት አለፈው።

ፊደልም እንዲሁ ነው የቆጠርኩት፤ በዘይት ጣሳና በትምባሆ ኬሻ ላይ። ዛሬ አርባ አንድ መጻሕፍት አሉኝ። ሁሉም በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተሸፍነው፣ ብል እንዳይገባባቸው ትምባሆ ቅጠል ተነስንሶባቸው፣ በቆርቆሮ ሳጥን ይቀመጣሉ። ስለ ንባብ ሁለት ሕግ አለኝ። አንደኛው፣ ሳነብ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነው፤ የወደድኩትን አሰምርበታለሁ፣ በኅዳጉም ላይ ሐሳቤን እጽፋለሁ። ሁለተኛው፣ ከእኔ መጽሐፍ የተዋሰ ሁሉ በኋላው ባዶ ገጽ ላይ አስተያየቱን ጽፎ ይመልሳል። ያለ አስተያየት የተመለሰ መጽሐፍ እንዳልተመለሰ ነው የምቆጥረው። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ፤ ተራ ቁጥሩን እኔ አስቀድሜ እጽፍለታለሁ። በዚህ ከተማ ይህን ሥርዓት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው «እኔ ነኝ» ካለ ይምጣና እንነጋገር።

እንግዲህ ባለፈው በጋ የፓምፕ መለዋወጫ ፍለጋ ደብረ ሲና ወጣሁ። ደብረ ሲና ቆላ ለለመደ ሰው ቅጣት ናት። ሁለት ሹራብ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ስሄድ መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ መጻሕፍት የዘረጋ ልጅ እግር አየሁ። አንዱ መጽሐፍ ሽፋን የለውም። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎችም ተገንጥለዋል፤ የሚጀምረው ከገጽ አምስት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እውነተኛ ታሪክ ነው ጋሼ። የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ። አንዴ ከጀመሩት አያስቀምጡትም።»

ሻጭ ሲባል እንዲህ ነው። አስቀምጬዋለሁ።

በሚኒባሱ ወደ ቆላ ስንወርድ ማንበብ ጀመርኩ። አርማኒያ ከተማ ስንደርስ ሹራቤን ሁለቱንም አውልቄ ነበር፤ በሙቀቱ ይሁን በንባቡ አላውቅም። ታሪኩ የባሕር ማዶ ሰው ታሪክ ነው። አባት የለው፣ ትምህርት ቤት አልገባ፣ ያየውን ዕቃ ሁሉ እየፈታና እየገጠመ ራሱን ያስተማረ ጠጋኝ። በየሰው ቤት እየዞረ የውሃ ቧንቧና ምድጃ ይጠግናል። ይህን ሳነብ እጄ ራሱ ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሴ አወጣው።

«ያስተማረው ሰው አልነበረም» ይላል መጽሐፉ። በኅዳጉ ላይ «እኔንም» ብዬ ጻፍኩ። «መሣሪያዎቹን ሥራ ሲጨርስ በዘይት ወልውሎ በመጠናቸው ይደረድራቸዋል» ይላል። «ልክ እንደ እኔ፤ ወጣቶች ተማሩ» ብዬ ጻፍኩ። «ሰው ቤት ሲገባ ብዙ አይናገርም፤ ዓይኑ የማያየው ነገር ግን የለም» ይላል። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበትና «ይህ ከጠባዬ ሁሉ የምኮራበት ነው» አልኩ። «የገባበትን ቤት ሥራ ሳይጨርስ አይወጣም ነበር» ለሚለው «እኔም ጨርሼ ነው የምወጣው» አልኩ። ገጽ ሃምሳ ስምንት ግርጌ ላይ ስደርስ ልቤ ሞልቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያለ ምስጋና ስሠራ ኖሬያለሁ። የእኔም ሥራ አንድ ቀን ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ትደነግጣለች።»

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁና እንገላገል። ያ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው። ጥገና ብሎ በገባባቸው ቤቶች ጓንት እያጠለቀ አሥራ አንድ ሰው ገድሏል፤ አንዳንዶቹንም ጉድጓድ ውስጥ ጥሏል። መግደል የሚጀምረው ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ገጽ ሃምሳ ስምንት ላይ አቆምኩ። ሰንፌ አይደለም። ሽንኩርት የሚጠጣበት ጊዜ ደረሰ፤ በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ፓምፕ ተበላሸ፤ መጽሐፉም የሲሚንቶ ወረቀት ሽፋን ለብሶ ሳጥን ውስጥ ገባ። በዚህ የሚወቀሰው ደራሲው ነው። ሐቀኛ ሰው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ገጽ አንድ ሰው አስገድሎ የሰውየውን ማንነት ይነግረን ነበር። ሃምሳ ስምንት ገጽ ሙሉ ታታሪነቱንና ንጽሕናውን እያወራ አንባቢን በር ድረስ ሸኝቶ ከውስጥ ሬሳ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ጨዋነት ነው?

ከዚያ ዘይነባ መጣች። ዘይነባ የሐጂ ዑመር ልጅ ናት፤ እዚሁ ከተማ አስተማሪ ናት። ሐጂ ዑመር ደግሞ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው። እሱ በረመዳን ቴምር ይልክልኛል፣ እኔ በፋሲካ ማር እልክለታለሁ። ያነበብኩትን መጽሐፍ ሁሉ የምተርክለት ለእሱ ነው፤ ዓይኑ ለጽሑፍ ከደከመ ቆይቷል። ሮቢ ወንዝ ዳር ያለው የሽንኩርት ማሳውን የሚያጠጣው ፓምፕ ከተገዛ ጀምሮ ከእኔ በቀር የሌላ ሰው እጅ አያውቅም። ያን ቀን ልጁን ማንጎ አስይዞ ላካት።

«ጋሼ፣ ሰሞኑን ምን እያነበቡ ነው?» አለችኝ።

«የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ» አልኳት። መጽሐፉን ከሳጥን አውጥቼ ሰጠኋት። «ጨርሼዋለሁ። ለተማሪዎችሽ ምሳሌ የሚሆን ሰው ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ለሚገባው ሰው አስተላልፊው። አስተያየት መጻፍ አትርሺ።»

ይኸው ነው። በአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው። አልጨረስኩትም ማለት አንድ ቃል ነበር፤ ግን አርባ አንድ መጻሕፍት ያሉት ሰው እንደዚያ አይልም።

አንድ ወር አለፈ። የከተማው ሰው ጠባይ ተለወጠ።

መጀመሪያ ያየሁት በጸጉር አስተካካዩ በተካልኝ ነው። ተካልኝ ወሬ ሳይጨምር ጢም ላጭቶ አያውቅም። ያን ቀን ዝም አለ። ምላጩን ወደ ጉሮሮዬ አስጠግቶ ቆየና፣

«ጋሼ፣ ሥራ ሲሠሩ ጓንት ያደርጋሉ አይደል?» አለኝ።

«ሁልጊዜ» አልኩት። «ያለ ጓንት የሚሠራ ሰው በገባበት ቤት ሁሉ አሻራውን ጥሎ ይወጣል።»

የቅባት አሻራ ማለቴ ነው። የሰው ግድግዳ ጥቁር በጥቁር አድርገው የሚሄዱ ጠጋኞች አሉ፤ ስለ እነሱ መናገሬ ነው። ተካልኝ ግን ምላጩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «ዛሬ በመቀስ ብቻ ላስተካክልዎ» አለኝ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ሰዎች አንድ ጉዳይ ትዝ ብሏቸው ወጡ።

ቀጥሎ እትዬ ብርቄ ናት። እትዬ ብርቄ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ግቢዋ ውስጥ ካለው ጉድጓድ ውሃ የምትስብበት ትንሽ ፓምፕ አላት። ልጠግን ስሄድ ሦስት የጎረቤት ሴቶች አግዳሚ ላይ በተርታ ተቀምጠው አገኘሁ።

«ምነው፣ ለቅሶ አለ እንዴ?» አልኩ።

«የለም፣ ጋሼ» አለች እትዬ ብርቄ። «ለጊዜው የለም። ሲሠሩ ለማየት ነው።»

እኔም እያንዳንዷን ዕቃ እያነሳሁ አስረዳኋቸው። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ሦስቱም ብድግ ይላሉ። አክብሮት መስሎኝ «ኧረ በእናታችሁ ተቀመጡ» እላቸው ነበር።

ለባለቤቴ ለአስካለ ነገርኳት። «መጽሐፉ ሥራውን እየሠራ ነው» አልኳት። «ሰው ማንነቴን አወቀ። በሄድኩበት ሁሉ ይነሱልኛል።»

«መከበር እንዲህ ከሆነ እኔ ይቅርብኝ» አለች። «ትናንት ከወፍጮ ቤት ስመለስ አንዷ እጄን ይዛ አይዞሽ አለችኝ። ምን ሆኜ ነው የምጽናናው?»

ይህን ሁሉ ታገስኩ። ሐጂ ዑመርን ግን መታገስ አልቻልኩም። አንድ ቀን ወደ ወንዙ ስወርድ ማሳው ዳር ሞተር ብስክሌት ቆሞ አየሁ። የማላውቀው ጎረምሳ ፓምፑን ከፍቶ በውስጡ ይጎረጉራል። ከከሚሴ የመጣ መካኒክ ነው አሉ። ጓንት እንኳ አላደረገም። ዐይኔ ደም ለበሰ። ሐጂ ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ሠራተኞቹ ቦይ ይከፍታሉ።

«ሐጂ፣ ይሄ ማነው?»

«መካኒክ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

ሐጂ ዱላውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረ። ዐይኔን ሳያይ፣ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ለዘይነባ የሰጠሃትን መጽሐፍ ጨርሰኸዋል?»

ሠራተኞቹ መቆፈር አቁመው ያዳምጣሉ። ጎረምሳው መካኒክም አንገቱን ቀና አደረገ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«ጨርሻለሁ» አልኩ።

«እስከ መጨረሻው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«አስተግፊሩላህ» አለ ሐጂ። «ሰውየውንስ ወደድከው?»

«እንዲህ ያለ ሰው በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚፈጠረው።»

«የመጨረሻው ምዕራፍስ?»

«ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው» አልኩ፤ የመጨረሻ ምዕራፍ ሁልጊዜ እንደዚያ ስለሆነ። «እንዲያውም ደራሲው አሳጠረው። እኔ ብሆን ገና እጨምርበት ነበር።»

ኋላ እንደተረዳሁት፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ሰውየው የረጅም ዘመን ወዳጁን ፓምፕ ልጠግንልህ ብሎ እርሻው ድረስ ሄዶ ነው የሚገድለው።

ሐጂ ተነሳ። ዱላውን አጥብቆ ይዟል። «በደህና ግባ» አለኝ። «ከእንግዲህ አትምጣብኝ። እኔም አልመጣብህም። አላህ ለሁላችንም ያስተካክልልን።» ሠላሳ ዓመት በሁለት ትንፋሽ አለቀ።

በቀጥታ ወደ ተካልኝ ሄድኩ፤ መጽሐፉ በመጨረሻ እሱ ጋ እንደደረሰ ሰምቼ ነበር። በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ገፋ አድርጎ ሰጠኝ። ቤቴ ገብቼ ጓሮ ማንጎዬ ሥር ተቀመጥኩና ወደ ኋላው ገጽ ገለበጥኩ። እንግዲህ ስለ አንድ የታወቀ ነፍሰ ገዳይ አስተያየት ተጠይቀው የጻፉትን ስሙት።

ተራ ቁጥር አንድ ዘይነባ ናት፤ በአስተማሪ እጅ ጽሑፍ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሞልታዋለች። «ትርጉሙ ጥሩ ነው። ነገር ግን ደራሲው ፖሊስ ያን ያህል ለምን እንደዘገየ አላስረዳንም። ስለ ገዳዩ መሣሪያ አሥር ገጽ ተጽፎ፣ እናቷን በር ላይ ስትጠብቅ ስለቀረችው ልጅ አንድ መስመር ብቻ መጻፉ አሳዝኖኛል። ሟቾቹም ሰዎች ነበሩ። በኅዳጉ ላይ ስላለው ቀይ ጽሑፍ ደግሞ የምለው አለኝ። ገዳይን እያመሰገነ ‹እኔም› የሚል ሰው ማንበብ በጣም ያስደነግጣል።» ከዚህ በታች በትንሹ «ቀሪው በሽፋኑ ውስጠኛ በኩል» ብላለች። አላነበብኩትም። ስድብ ለመጨረስ ብዬ ሽፋን አላገላብጥም።

ተራ ቁጥር ሁለት እትዬ ብርቄ ናት። «እኔ እስከ ሦስተኛው ሬሳ አነበብኩ። ከዚያ የግቢዬን ቁልፍ አስቀየርኩ።»

ተራ ቁጥር ሦስት ተካልኝ። «መጽሐፉ ጥሩ ነው። ቀዩ ግን ይበልጣል። ቀዩ ብቻውን ቢታተም ገዝቼ አነባለሁ።»

ተራ ቁጥር አራት ስሙን አልጻፈም፤ ጸጉሩን ሊቆረጥ የመጣ አንድ ሰው ይሆናል። «ይህ ነገር ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ጋ አንድ ሳምንት አይደበቅም። እዚህ ማን ምን እንደበላ እንኳ ይታወቃል።» ከሥሩ ሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም፣ መልስ ሰጥቶታል። «ይደበቃል እንጂ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፓምፕ ሲሠራልን ኖረ።»

ማንጎው ሥር ተነስቼ ቆምኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ቆምኩ። ሬሳ? የምን ሬሳ? ከዚያ ገጽ ሃምሳ ስምንትን ፈልጌ፣ ከቆምኩበት ቀጠልኩ። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ። ሰባኛው ላይ ውሃ ጠየቅኩ። ያ በዘይት የሚወለውለው መሣሪያ፣ ያ በመጠኑ የሚደረድረው፣ ለምን እንደሆነ ተጻፈ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ጨረስኩት። አስካለ እህል እያበጠረች ነበር።

«አስካለ፣ ሰውየው ነፍሰ ገዳይ ነው።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የመጽሐፉ። አሥራ አንድ ሰው ገድሏል።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ አንብቤ ጨርሻለሁ ብለኸኝ አልነበር? ማታ ማታ ስለ እሱ ስትሰብከኝ አልከረምክም?»

አስካለ ሥቃ ሥቃ ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሲወጣላት፣ «እንግዲህ ሐጂ ጋ ሂድና አልጨረስኩም በለው» አለች። «አንድ ቃል ናት።»

«ይህቺን ቃል በአፌ አላስገባትም።»

«እንግዲያው ገዳይ ሆነህ ተቀመጣ።»

እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሁለቱን አመዛዘንኩ። ነፍሰ ገዳይ ቢሉኝ ይሻላል ወይስ መጽሐፍ የማይጨርስ? ነፍሰ ገዳዩ ቢያንስ ሥራውን ይጨርሳል። በሦስተኛው ቀን ሌላ ዘዴ ያገኘሁ መሰለኝና ተካልኝ ጋ ሄድኩ።

«ቀዩን የጻፍኩት ለፈተና ነው» አልኩት። «የከተማው አንባቢ ልብ ብሎ ያነብ እንደሆነ ለማየት።»

ተካልኝ አሰብ አደረገ። «እና ማን አለፈ፣ ጋሼ?»

«ማንም።»

«እኛማ ልብ ብለን ነው ያነበብነው» አለ። «ለዚህ እኮ ነው የፈራነው።»

ተመልሼ ቤት ስገባ አስካለ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አሁን ሣቅም አልነበራትም። «የሐጂ ፓምፕ እንደቆመ ቀረ» አለችኝ። «የከሚሴው ልጅ ከፍቶት ዕቃ ላምጣ ብሎ ከሄደ አራት ቀኑ። ሽንኩርቱ አንገቱን ደፍቷል። ሐጂ ከማሳው አልነሳ ብሎ ምግብም እዚያው ነው የሚወሰድለት አሉ።»

አራት ቀን። በዚህ ሙቀት። ሐጂ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያቺን ሽንኩርት ነው። ፓምፑን እንደ ልጄ ነው የማውቀው፤ የት ላይ እንደሚያመው ተኝቼም እነግራችኋለሁ። የመሣሪያ ሳጥኔን አነሳሁ፣ መጽሐፉን በብብቴ ያዝኩ፣ በቀትር ወረድኩ። በዚያ ፀሐይ የብረት ሳጥን በባዶ እጅ አይያዝም፤ ስለዚህ ጓንቴን አጥልቄ ነበር። ጓንቱን ሰው በሌላ ዐይን እንደሚያየው አላሰብኩበትም። ሠራተኞቹ ከሩቅ አይተውኝ ዶማቸውን እንደያዙ ወደ ሐጂ ተጠጉ። ሐጂ ከቁርቁራው ሥር ተነሳ። ዘይነባ የምሳ ሰሐን ይዛ ከጎኑ ቆማለች።

«አትምጣ ብዬሃለሁ» አለ ሐጂ።

አሥር እርምጃ ቀርቶኝ ቆምኩ። ያቺ አንዲት ቃል አልወጣም አለችኝ። በሕይወቴ ብዙ ዝገት ያነቀው ዳዶ ፈትቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያስቸገረኝ የለም።

«ሃምሳ ስምንት» አልኩ።

«ምን?»

«ገጽ ሃምሳ ስምንት። እዚያ ላይ ነው የቆምኩት።»

ሐጂ ዱላውን እንደያዘ ትክ ብሎ አየኝ። «ሁለት ጊዜ ብለኸኝ ነበር።»

«እስከ ሃምሳ ስምንት ሁለት ጊዜ።»

«የመጨረሻው ምዕራፍ ከሁሉም ይበልጣል አላልክም?»

«አላነበብኩትም ነበር። አሁን አነበብኩት። አይበልጥም።»

ዘይነባ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ጋሼ» አለች ሣቋን እየዋጠች፣ «እኔ የጻፍኩትን አላነበቡትም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

ወደ ወንዙ ዞሬ አየሁ። ሰሐኑን ለአባቷ አስይዛ መጽሐፉን ከብብቴ ወሰደች፤ ሽፋኑን ገልጣ ቆማ አነበበች። ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው፤ ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል የምታስተምር ልጅ ናት።

«‹ነገር ግን አንባቢ ልብ ይበል። ቀዩ ቀለም ገጽ ሃምሳ ስምንት ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው ሰው የሚሞተው ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ነው። ጋሼ መጽሐፉን አልጨረሱትም። ቢጨርሱት ኖሮ እስክሪብቶውን ሰብረው ይጥሉት ነበር። ስለዚህ እሳቸውን አትፍሯቸው። ጨርሻለሁ ሲሉ ግን አትመኗቸው።›»

ሠራተኞቹ ዶማቸውን ተደግፈው ሣቁ። እኔ ግን ተናደድኩ። ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ነበር። ከዘይነባ በኋላ መጽሐፉ በስንት ሰው እጅ አልፏል፤ አንዱም ሽፋኑን አላገላበጠም። አንብቦ የማይጨርስ ሕዝብ። በዚህ ከተማ ንባብ ገና ብዙ ይቀረዋል።

«ያን ጊዜውኑ ነግራኛለች» አለ ሐጂ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አላመንኳትም። ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ያነበበውን እየተረከልኝ የኖረ ሰው አይዋሸኝም አልኳት። አልጨረስኩም ትለኛለህ ብዬ ነው ያን ቀን የጠየቅኩህ። አንድ ቃል ነበር የፈለግኩት። አንተ ግን ገና እጨምርበት ነበር ብለህ አረፍከው።»

ሠላሳ ዓመት ለእሱ ከተረክኩለት መጻሕፍት መካከል ስንቱን በትክክል እንደጨረስኩ አሰብኩና፣ ወዲያው ማሰቤን ተውኩት።

«ሽንኩርቱ እየሞተ ነው» አልኩ።

ሐጂ በዱላው ወደ ፓምፑ አመለከተ። «ግባ። ከገባህ ግን ጨርሰህ ውጣ።»

የከሚሴው ልጅ ሞተሩን ያለ ጥፋቱ በትኖታል። በሽታው ሞተሩ ላይ አልነበረም፤ ወንዙ ውስጥ የገባው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ አየር ይስባል። አየር የሚስብ ፓምፕ ይጮኻል እንጂ ውሃ አያወጣም። የተሰነጠቀውን ቆርጬ ጥዬ በአዲስ ላስቲክ ጠፈርኩት፣ ሞተሩን መልሼ ገጠምኩ። አንድ ቡሎን ተረፈኝ። በኪሴ ከተትኩት። ገመዱን ስስበው በሁለተኛው ተነሳ፤ ውሃው እያሳለ መጣ፣ ከዚያ ቦዩን ሞልቶ ወደ ሽንኩርቱ ሮጠ። ሠራተኞቹ እየተከተሉት ወረዱ።

ቁርቁራው ሥር ተመልሼ ቁጭ አልኩና የዘይነባን ሰማያዊ እስክሪብቶ ለመንኳት። ሽፋኑ ውስጥ፣ ከእሷ ጽሑፍ በታች፣ የራሴን አስተያየት ጻፍኩ። «ይህን መጽሐፍ ከገጽ አምስት እስከ መጨረሻው አንብቤ ጨርሻለሁ። ሰውየው አረመኔ ነው፤ እኔን አይመስልም። በር ላይ ስለቀረችው ልጅ ደራሲው ብዙ መጻፍ ነበረበት። ለመሣሪያው ግን ጠንቃቃ ነው።» ዘይነባ ከትከሻዬ በላይ አንብባ ለአባቷ ነገረችው። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ይሰርዙት አለችኝ። እውነት ስለሆነ አልሰረዝኩትም።

ሐጂ የውሃውን ድምፅ እያዳመጠ ሰሐኑን በመካከላችን አስቀመጠ።

«ጓንቱን አውልቅና እጅህን ታጠብ» አለኝ፤ ዱላውንም ከጎኑ መሬት ላይ አስተኛው።